አድራሻ ሰው አይደለም

ሰኔ ሲቃረብ የግቢያችን ወሬ ሁሉ ስለ መውጫ ፈተና፥ ስለ ምርቃት ጋዋንና ስለ ፎቶግራፍ አንሺ ዋጋ ይሆናል። ይህ አይነቀፍም። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ወሬ መካከል ማንም የማያነሣው፥ ከምርቃት በኋላም በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙዎችን የሚያስጨንቅ አንድ ጉዳይ ስላለ ዛሬ በዚህች ጠባብ ገጽ ላይ ስለ እርሱ ጥቂት ለማለት ተነሥተናል። ጉዳዩ ትምህርት ቤታችን በአንደኛ ዓመት የሰጠን የኢሜይል አድራሻ ነው፤ በትክክል ለመናገር ደግሞ፥ ያ አድራሻ ከእጃችን ሲወጣ በእርሱ የከፈትናቸው አካውንቶች የሚደርስባቸው ነገር ነው።

«ይህም ጉዳይ ሆነና!» የሚለን አይጠፋም። የውሃ፥ የመብራትና የምግብ ችግር እያለ ስለ ኢሜይል ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ወንድም ይኖራል። እስቲ ይህ ወንድማችን ቁጭ ብሎ ይቍጠር። ለውጭ አገር ስኮላርሺፕ ያመለከተው በየትኛው አድራሻ ነው? የምርምር ጽሑፉን የላከው፥ በኢንተርኔት ተምሮ የምስክር ወረቀት የተቀበለው፥ የሠራውን ፕሮግራም ያስቀመጠው በየትኛው ነው? አብዛኛው በዚሁ በትምህርት ቤቱ አድራሻ ነው። ይህንንም ያደረገው በስንፍና አይደለም፤ አንዳንዶቹ ድርጅቶች ተማሪ መሆናችንን የሚያውቁት በአድራሻችን መጨረሻ ላይ ባለው የትምህርት ቤቱ ስም ስለ ሆነ፥ ሌላ አድራሻ ብንሰጣቸው ኖሮ በሩን ባልከፈቱልን ነበር።

እንግዲህ አድራሻው ሲዘጋ የሚሆነውን እንመልከት። ተመራቂው ወደ አካውንቱ ገብቶ አሮጌውን አድራሻ በአዲስ ለመተካት ይሞክራል። ድርጅቱም «ለውጡን ለማጽደቅ ወደ ቀድሞው አድራሻዎ የላክነውን መልእክት ከፍተው ያረጋግጡ» ይለዋል። የቀድሞው አድራሻማ ተዘግቷል! ተመራቂው ወደ እርዳታ ክፍሉ ይጽፋል። እርዳታ ክፍሉም፥ መልስ የሰጠ እንደ ሆነ፥ «ጥያቄዎን በአካውንቱ ላይ ከተመዘገበው አድራሻ ይላኩልን» ይላል። ቁልፉ ቤት ውስጥ ተቈልፎበት ደጅ የቆመን ሰው «መጀመሪያ ግባና ከውስጥ ክፈት» እንደ ማለት ነው።

ይህ ተረት አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ከመካከላችን የተመረቀ፥ ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ጓደኛችን ለሁለተኛ ዲግሪ የስኮላርሺፕ ማመልከቻውን ያስገባው በሚያዝያ ነበር። አድራሻው በመስከረም ተዘጋ፤ የቃለ መጠይቁ ጥሪ በጥቅምት መጣ። ሊዘጋ ነው ብሎ አስቀድሞ የነገረው የለም። መዘጋቱን እንዳወቀ አዲሱን አድራሻ እንዲመዘግቡለት ለስኮላርሺፑ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ጻፈ፤ ፓስፖርቱን፥ ዲግሪውንና የትምህርት ማስረጃውን ስካን አድርጎ አያያዘ። ሦስት ጊዜም ያው አንድ መልስ፥ ቃሉ እንኳ ሳይለወጥ፥ «ከተመዘገበው አድራሻ ይጻፉልን» ተብሎ መጣለት። የጥሪውን ወሬ የሰማው አብሮት ካመለከተ ሌላ ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ የቃለ መጠይቁ ቀን ካለፈ አምስት ቀን ሆኖት ነበር። አሁን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። ማስተማር የተከበረ ሥራ ነው፤ ነገር ግን እርሱ በዚያ ዓመት የመረጠው ይህን አልነበረም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን የሚገርመን አንድ ነገር ነው። ፎቶግራፉ የተለጠፈበት፥ የመንግሥት ማኅተም ያረፈበት ፓስፖርት አንድ የተዘጋ የኢሜይል አድራሻ የሚያሳምነውን ያህል ማሳመን አልቻለም። ሰውየው በአካል አለ፤ ስሙ አለ፤ ሰነዱ አለ፤ አድራሻው ስለ ሌለ ግን እርሱም እንደሌለ ተቈጠረ።

አድራሻ መጀመሪያ የተፈጠረው ለዚህ አልነበረም። ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1971 እ.ኤ.አ. በኔትዎርክ ላይ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ መልእክት ሲልክ፥ የሰውየውን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም የሚለይ አንድ ምልክት ከታይፕ ሰሌዳው ላይ መረጠ። ትርጕሙም «እገሌ፥ በእንዲህ ያለ ኮምፒዩተር የሚገኘው» ከማለት አያልፍም ነበር። እኛም አገር ፖስታ ላይ «ለአቶ እገሌ፥ ፖ.ሣ.ቁ. ይህን ያህል» ብለን ስንጽፍ የኖርነው ይህንኑ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሣጥን የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ አቶ እገሌ ሥራ ሲለቁ ሣጥኑን ተሸክመው አይሄዱም። ሣጥኑም በበኩሉ «አቶ እገሌ እኔ ነኝ» ብሎ አያውቅም።

ነገሩ የተበላሸው የኢንተርኔት ድርጅቶች ደንበኛን ከደንበኛ የሚለዩበት ርካሽ መንገድ በፈለጉ ጊዜ ነው። ስም አይበቃም፤ ከነአባታቸው ስም አንድ የሆኑ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ተገኝተው መምህሩን ሲያደናግሩ አይተናል። የኢሜይል አድራሻ ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይገኝም፤ ከዚህም በላይ ድርጅቱ አንዳች ሳይከፍል ሌላው ያዘጋጀለት ነገር ነው። ፌስቡክ በ2004 እ.ኤ.አ. ለሃርቫርድ ተማሪዎች ብቻ ሲከፈት የዩኒቨርሲቲው አድራሻ እንደ መግቢያ ካርድ ያገለግል ነበር፤ በሩ ለማንኛውም ሰው የተከፈተው በሴፕቴምበር 2006 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ዓይነት መንገድ የነበረው አድራሻ መታወቂያ ሆነ። ይህ ይሁን ብሎ የመከረበት ጉባኤ የለም፤ እንዲሁ ሆኖ ተገኘ እንጂ።

በኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል ያሉ ጓደኞቻችን የነገሩን ደግሞ ይበልጥ የሚያሳዝን ነው። አካውንት ሲከፈት በድርጅቱ ዳታቤዝ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የሚታወቅበት አንድ ቁልፍ ይኖራል፤ የሰውየው ሰነድ ሁሉ በዚያ ቁልፍ ይታሰራል። ጥንቁቅ ፕሮግራመር ለዚህ ቁልፍ ትርጕም የሌለው፥ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጣል። የቸኰለው ፕሮግራመር ግን «ኢሜይሉ አለ አይደለም?» ብሎ አድራሻውን ራሱን ቁልፍ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ አድራሻውን መለወጥ ማለት የታሰረውን ሰነድ ሁሉ ፈትቶ እንደ ገና ማሰር ማለት ስለሚሆን፥ ድርጅቱ «አድራሻ መለወጥ አይቻልም፤ አዲስ አካውንት ይክፈቱ» ወደ ማለት ይሄዳል። አዲስ አካውንት ክፈት ማለትም የአራት ዓመት ሥራህን ጥለህ እንደ ሕፃን ጀምር ማለት ነው። ደንበኛው «አይቻልም» የሚለውን ቃል ሲያነብ የደኅንነት ሕግ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የአንድ ሰው የችኮላ ሥራ ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዶርማችን በየዓመቱ ከብሎክ ወደ ብሎክ ይዛወራል፤ የተማሪ መታወቂያ ቁጥራችን ግን ከአንደኛ ዓመት እስከ ምርቃት ያው ነው። ሬጅስትራር ውጤታችንን የሚመዘግበው በዶርም ቁጥራችን ቢሆን ኖሮ በየመስከረሙ የሚፈጠረውን ሁከት አስቡት! በተመራማሪዎች ዘንድም ኦርኪድ የሚባል፥ በኦክቶበር 2012 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ አሠራር አለ። ለእያንዳንዱ ተመራማሪ 16 አኃዝ ያለው መለያ ይሰጠዋል፤ ተመራማሪው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ቢዛወር አድራሻውን ይለውጣል እንጂ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል። ከአንድ በላይ ኢሜይል እንዲያስመዘግብም ይመክሩታል። የሚቻል ነገር መሆኑን ለማሳየት ይህ ይበቃናል። ጥናት የጀመራችሁ ጓደኞች ሁሉ ሳትመረቁ ይህን ቁጥር እንድታወጡ፥ ከትምህርት ቤቱ አድራሻ ጎንም የግላችሁን እንድታስመዘግቡ እናሳስባለን።

ድርጅቶቹን ያለ አግባብ እንዳንወቅስ ደግሞ የእነርሱንም ወገን እንስማ። አካውንት የሚሰርቅ ሌባ ከሁሉ በፊት የሚያደርገው የተመዘገበውን ኢሜይል መለወጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ የሚልከው ጥያቄ ሁሉ ወደ ሌባው ይደርሳል። በ2012 እ.ኤ.አ. ማት ሆናን የተባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ የደረሰበትን እርሱ ራሱ ጽፎታል። ሌቦቹ ወደ አማዞን ስልክ ደውለው በስሙ አንድ የክሬዲት ካርድ ቁጥር አስጨመሩ። እንደ ገና ደወሉና፥ ቀድሞ ባስጨመሩት በዚያው ካርድ «እኔ ነኝ» ብለው ራሳቸውን አስመስክረው አዲስ ኢሜይል አስመዘገቡ። በዚህ መንገድ ያገኙትን የእውነተኛ ካርዱን የመጨረሻ አራት አኃዝ ይዘው የአፕልን እርዳታ ክፍል አሳመኑ፤ በመጨረሻም የሰውየውን ስልክ፥ ታብሌትና ላፕቶፕ ከሩቅ ሆነው ደመሰሱት። የልጁ የአንድ ዓመት ፎቶግራፎች በዚያ ላፕቶፕ ላይ ነበሩ። ይህን ያነበበ ሰው «በሩ ለምን ጠበቀ?» ብሎ አይጮኽም። እኛም አንጮኽም።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። በሩ ይጥበቅ፤ ግን ትክክለኛው ሰው የሚገባበት ይሁን። አሮጌውን አድራሻ ብቸኛ ምስክር ማድረግ ጥብቅ ይምሰል እንጂ ጥብቅ አይደለም። ያሁ በ2013 እ.ኤ.አ. ለ12 ወር ያልተከፈቱ አድራሻዎችን ወስዶ ለሌሎች ጠያቂዎች እንደሚሰጥ ባስታወቀ ጊዜ ብዙ የደኅንነት ባለሙያዎች የተቃወሙት ለዚህ ነው፤ የእኔ የነበረው አድራሻ ለማላውቀው ሰው ከተሰጠ በእርሱ የከፈትኩት አካውንት ቁልፍም አብሮ ተሰጠ ማለት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋምም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፥ ኢሜይል የአንድን የተወሰነ መሣሪያ ባለቤትነት ስለማያረጋግጥ የማረጋገጫ ኮድ መላኪያ ሊሆን አይገባም ብሏል። እንግዲህ አስቡት፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ደካማ ምስክር ነው ያሉት ነገር ከፓስፖርት በላይ ሆኖ በሰው ዕድል ላይ ይፈርዳል።

የሚሻለው መንገድ የታወቀ ነው። ደንበኛው የይለፍ ቃሉን ካወቀ፥ ዘወትር በሚገባበት ስልክ ላይ ከሆነ፥ አስቀድሞ የተሰጡትን የመጠባበቂያ ኮዶች ከያዘ ይህ ሁሉ ይደመርለት። ከዚያ ወደ አሮጌው አድራሻ ማስታወቂያ ይላክና ጥቂት ቀን ይጠበቅ፤ «እኔ አላዘዝሁም» የሚል ካልመጣ ለውጡ ይጽደቅ። አሮጌው አድራሻ ተቃዋሚ የመሆን መብት ይኑረው፤ ብቸኛ ፈራጅ ግን አይሁን። ይህ ሁሉ ካልሆነም አንድ ሰው፥ ማለት ማሽን ያልሆነ ሰው፥ ሰነዱን አይቶ ይወስን።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ከተማሪ አልፎ ይሄዳል። ከክፍለ ሀገር የመጣ አንድ ገበሬ ወይም አንዲት የጉልት ነጋዴ ስማርት ስልክ ሲገዙ ኢሜይሉን የሚከፍትላቸው የሱቁ ልጅ ነው። የይለፍ ቃሉ በካርቶኑ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፋል፤ ካርቶኑ ይጣላል። ያ አድራሻ የማን ማንነት ነው? የነጋዴዋ ወይስ የሱቁ ልጅ? ስልኳ የጠፋ ዕለት በውስጡ የነበረው ሁሉ፥ የዘመድ ስልክ ቁጥርና የልጆቿ ፎቶግራፍ ሳይቀር፥ አብሮ ይቀራል። ወደ ቤይሩት፥ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዱባይ ለሥራ የሄዱ እኅቶቻችን ደግሞ ኢሜይሉን ትተው በስልክ ቁጥር የተመዘገቡ ናቸው። የአገር ቤቱ ሲም ካርድ ሳይሠራበት ሲቆይ ቁጥሩ ይሰረዝና በጊዜው ለሌላ ሰው ይሸጣል። አንዲት ሠራተኛ አካውንቷን ልትከፍት ስትሞክር የማረጋገጫው ኮድ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ለሚኖር፥ ከነመኖሯም ለማያውቃት ሰው ይደርሳል። እርሱም የማን ኮድ እንደ ሆነ ግራ ገብቶት ይሰርዘዋል። ደግ ሰው ከሆነ ማለት ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ከሜይ 25 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና ሲሆን፥ በ16ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው ስለ እርሱ የተያዘው የተሳሳተ መረጃ ሳይዘገይ እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አግኝተናል፤ በእርሱም ውስጥ የተሳሳተን መረጃ የማሳረም መብት አለ። በእጄ የሌለ አድራሻ በስሜ ተመዝግቦ ከተገኘ ከዚህ የበለጠ የተሳሳተ መረጃ ምን ይኖራል? የሕግ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ነጥብ ላይ አንድ የክርክር ምሽት ቢያዘጋጁልን ከመጡት ሰዎች መካከል እኛ ከፊተኛው ረድፍ እንገኛለን።

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ እንግባ። አስተዳደሩ አድራሻዎችን የሚዘጋው በክፋት ነው አንልም። ጉግል ለትምህርት ተቋማት ይሰጥ የነበረውን ገደብ የሌለው ነጻ ማከማቻ እንደሚያቆም በ2021 እ.ኤ.አ. አስታውቆ፥ ከጁላይ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ተቋም በጋራ 100 ቴራባይት ወስኗል። ይህ ከመጣ ወዲህ በየአገሩ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ ተማሪዎችን ሣጥን ወደ መቀነስ ሄደዋል። ቦታ ያጥራል፤ እናምናለን። ነገር ግን ሣጥኑን መዝጋትና የሚመጣውን ደብዳቤ ወደ አዲሱ አድራሻ ማሻገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የተሻገረ መልእክት እዚህ ስለማይቀመጥ ማከማቻ አይበላም። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቤት ለለወጠ ሰው ደብዳቤውን 12 ወር ሙሉ ወደ አዲሱ ቤት ያሻግርለታል። በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ፖስታ የጀመረች አገር ልጆች ይህን አሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ነው ሊሉ አይችሉም።

ስለዚህ ከአስተዳደሩ የምንለምነው ትንሽ ነው። አንደኛ ነገር፥ የተመራቂ አድራሻ ከምርቃት በኋላ ለአንድ ዓመት መልእክት ያሻግር። ሁለተኛው ከዚህ የቀለለ ነው። ሁላችንም እንደምናውቀው ከግቢ ለመውጣት ክሊራንስ ይዘን ከቢሮ ወደ ቢሮ እንዞራለን፤ ቤተ መጻሕፍቱ ይፈርማል፥ ዶርሚተሪው ይፈርማል፥ ካፌው ይፈርማል፥ አንድ ጊዜ እንኳ ኳስ ነክቶ የማያውቀው ተማሪ ከስፖርት ክፍል ሳይቀር ያስፈርማል። በዚያ ወረቀት ላይ ስለ ኢሜይል አንድም መስመር የለም። አንሶላና ትራስ ለማስረከብ መስመር ካለ «አድራሻዎ በዚህ ቀን ይዘጋል፤ አካውንቶችዎን ወደ ሌላ አዛውረዋል?» የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር የሚያልቀው ወረቀት አይደለም።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ቃል አለን። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠየቀው ዛሬ በኢሜይል ነው። መምህሩ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ ሲዛወሩ አሮጌው አድራሻ ይዘጋል፤ ተማሪው ግን ያንኑ በማመልከቻው ላይ ሞልቶታል፤ አንዳንድ የማመልከቻ ቅጾች ደግሞ ከተላኩ በኋላ የድጋፍ ሰጪውን አድራሻ ለመለወጥ አይፈቅዱም። መምህሩ ጥያቄው አልደረሳቸውም፤ ተማሪው መምህሩ የረሱት ይመስለዋል፤ ማመልከቻው ጎደሎ ተብሎ ይወድቃል። ሊዛወሩ ያሰቡ መምህር ለየክፍላቸው ተወካይ ዘላቂ አድራሻቸውን ትተው ቢሄዱ ብዙ ቅሬታ ይቀራል።

የሚመረቁ ጓደኞቻችን ግን ማንንም ሳይጠብቁ በዚህ ወር ውስጥ ሊያደርጉት የሚገባ አለ። አሮጌው አድራሻ ሕያው ሳለ ለውጡ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከሞተ በኋላ ግን የወራት ሙግት ነው። የራሳችሁን አድራሻ ክፈቱ፤ ስማችሁን በላቲን ፊደል ስትጽፉ በፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ፤ በ16 ዓመታችሁ ያወጣችሁትን የቅጽል ስም አድራሻ ለቀጣሪ አትስጡ። ከዚያም የአሮጌውን ሣጥን የአራት ዓመት መልእክት ወደ ኋላ እየተመለከታችሁ «እንኳን ደኅና መጡ» ብሎ የጻፈላችሁን ድርጅት ሁሉ ፈልጉ፤ የረሳችኋቸው አካውንቶች የሚገኙት በዚያ ነው። ገንዘብ የሚነካውን፥ ማመልከቻ ያለበትንና ሥራችሁ የተቀመጠበትን አስቀድሙ። ሌላው ቢቀር አይጎዳም።

የኮምፒዩተር ሳይንስ ጓደኞቻችን ነገ የባንክ፥ የሆስፒታልና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፕሮግራም የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ፋይዳ መታወቂያ 12 አኃዝ ያለውን ቁጥር የሰጠው ለሰውየው ነው እንጂ ለስልኩ ወይም ለኢሜይሉ አይደለም። በዚህ ዓመት የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ስታስረክቡ፥ ፈታኙ መምህር «ተጠቃሚው ኢሜይሉን ቢለውጥ ምን ይሆናል?» ብለው ቢጠይቋችሁ የምትመልሱት ይኑራችሁ። መምህራኑም ይህን ጥያቄ እንዲጠይቁ በዚሁ አጋጣሚ እናስታውሳለን።

ለሬጅስትራርና ለተማሪዎች ዲን የሚቀርበው ማመልከቻ ተዘጋጅቷል። የፊርማው ወረቀት እስከ ግንቦት መጨረሻ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቈያል፤ ክሊራንስ ከመጀመሩ በፊትም ለሁለቱም ቢሮዎች ይሰጣል። የምትፈርሙ ሁሉ ከስማችሁ ጎን የተማሪ መታወቂያ ቁጥራችሁን ጻፉ፤ ኢሜይል አያስፈልግም።